ካሜሊያዋ ተኝታለች

ሱሉልታ፣ መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ አትክልት፤

ሰላምታዬ በበረራ አስተናጋጇ በሐኒ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬው አጠገብ ተጠቅጥቆ፣ ሳይጨማደድ ይድረስዎት። አዲሱ ዓመት ጉልበትዎ ደረጃ የማይፈራበት፣ እንቅልፍዎ የማይቆራረጥበት ይሁንልዎት። እኛ ደህና ነን። ከአንዷ በስተቀር። ወደ እሷ እመጣለሁ።

እኔ ዕድላዊት፣ የወንድምዎ የአባባ ወንዳፍራሽ የልጅ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይገርፈኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ጳጉሜ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ሰው ሲሳሳቱ አየሁ፤ ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ብል ጥሩ ነበር። ባልዲውን ይዤላቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ በዓል በመጣ ቁጥር ኖራ በጥብጠው ቆሞ የተገኘውን ሁሉ ይቀባሉ። የአጥሩን ድንጋይ፣ የሮቶውን መቀመጫ፣ የጽዱን ግንድ። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን የኦቦ ቱፋ ጥጃ አጥሩን ተጠግታ ቆማ ነበር፤ ግማሽ ጎኗን ቀብተዋት እስኪጨርሱ አላወቁም። «ኖራ ያልተቀባ ግንድ ራቁቱን የቆመ ሰው ነው» ይላሉ። ማዘጋጃ ቤት ሲሠሩ ዕድሜያቸውን የፈጁት ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሲያጠኑ ነው መሰለኝ።

የዛሬ አምስት ዓመት በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው በሐኒ የላኳቸው ሦስት የካሜሊያ አበባ ችግኞች ትዝ ይሉዎታል። ሁለቱ እስካሁን ቁመታቸው ከጉልበቴ አላለፈም። ትልቋ ግን ወገቤን አልፋለች፤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቡጥ ይዛለች። አባባ «ወይዘሮዋ» ይሏታል። እንግዳ ሲመጣ ከእኔ በፊት የሚተዋወቀው ከእሷ ጋር ነው። የጽድ ቅጠል ብስባሽ ያለበስኳት፣ የዝናብ ውሃ አጠራቅሜ ያጠጣኋት እኔ መሆኔን እርስዎ ያውቃሉ። አባባ ግን ለእንግዳው «በእጄ ነው ያሳደግኳት፤ ይህቺ ልጅ አልፎ አልፎ ውሃ ታቀብለኝ ነበር» ይላሉ። ይህንኑ ንግግራቸውን በድምፃቸው አስመስዬ በስልኬ ቀርጬ ለጓደኛዬ ለጁማና ላክሁላት። ጁማና ለሰፈሩ ሁሉ ላከችው። በሦስተኛው ቀን እድር ላይ ራሳቸው አዩት። ስልኬ አሁን ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል፤ በሩ ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

እርስዎ በመጀመሪያው ደብዳቤዎ «ካሜሊያ ኮምጣጣ አፈር ነው የምትወደው፤ ኖራና አመድ መርዟ ነው፣ አጠገቧ እንዳይደርስ» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። አነበብኩላቸው። «አትክልት ደግሞ መቼ አፈር አወቀች» አሉ። ጳጉሜ ሦስት ቀን የወይዘሮዋን ግንድ እስከ ጉልበቷ ነጭ ካልሲ አለበሷት። ከዚያ የተረፈውን፣ ገና እየፈላ ያለውን ወፍራም ኖራ፣ «ለምስጥ ጥሩ ነው» ብለው ሥሯ ላይ ደፉት።

«ዕድላዊት፣ ባልዲውን ቀና አድርጊው» አሉኝ።

ቀና አደረግኩት። ስለ ስልኬ እያሰብኩ ነበር።

ኑዛዜዬ ይኸው ነው። ቀኖና ይስጡኝ። ቀኖናው ሠላሳ ስምንት ቁጥር የሩጫ ጫማ ከሆነ በደስታ እፈጽመዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የሚያልፉትን ሯጮች የምከተለው አፉን በከፈተ ጫማ ነው።

እናቴ ከሰበታ ከሥራዋ የምትመጣው እሁድ እሁድ ስለሆነ የምጠይቀው ሰው የለኝምና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለምንድን ነው ለአባባ ስልክ የማይደውሉት? እሳቸውን ስጠይቃቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ይሄዳሉ።

አክባሪዎ፣ ባልዲ ያዧ
ዕድላዊት


ቨርባኒያ፣ ጣሊያን፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ የልጅ ልጅ ለዕድላዊት፤

አምላክ ያሳድግሽ፤ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ባልንጀራና ከአያትሽ ምክር ይጠብቅሽ። እኔ ለክብሩ ምስጋና ይግባውና አለሁ። ጉልበቴ ይንቋቋል፤ እጄ ግን አሁንም መቀስ ይይዛል። ሐይቁ ዳር ያለው ግቢ ውስጥ የሰው ካሜሊያ ስከረክም ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

ደብዳቤሽን አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጥጃዋ ጋ ስደርስ ሳቅሁ። ባልዲው ጋ ስደርስ አልሳቅሁም። የሚፈላ ኖራ ሥሯ ላይ ከተደፋ አትተርፍም። መጀመሪያ ቅጠሏ ይገረጣል፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ እምቡጧን ሳትከፍት ትጥላለች። ሌሎቹን ሁለቱን ጠብቂልኝ።

ስልክ ለምን እንደማልደውል ጠየቅሽኝ። እናትሽ አልነገረችሽም ማለት ነው። እኔ ልንገርሽ።

እናቴ፣ የአንቺ ቅድመ አያት፣ ሰበታ የሞተችው በ1991 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ከቤተሰቡ ስልክ ያለው ወንዳፍራሽ ቤት ብቻ ነበር፤ እሷም እሱ ጋ ነበረች። እኔ በየእሁዱ እደውላለሁ። «እማዬን አቅርብልኝ» እለዋለሁ። «ተኝታለች» ይለኛል። በሌላው እሁድ «ራሷን አሟት አሁን ገና ጋደም አለች፤ አልቀስቅሳት» ይለኛል። ስምንት ወር ሙሉ እናቴ ተኛች። መሀል ላይ ብርዱን ብዬ ሰማያዊ ሹራብ ገዝቼ ላክሁላት። «ልክ ሆናት ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ልክ ሆናት» አለኝ።

መርዶዬን የሰማሁት ሚላኖ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። አንዲት የሰበታ ሴት «የእናትሽን ሙት ዓመት እዚሁ ነው የምታወጪው ወይስ አገር ቤት?» አለችኝ። ጃንጥላ ይዤ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያየሁት ጃንጥላው መሬት ላይ ሲንከባለል ነው።

ሰው ሁሉ «ላንቺ አስቦ ነው፤ በሰው አገር ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች ብሎ ነው» ይለኛል። የኛ ሰው ሲያስብልሽ እንዲህ ነው፤ ሬሳ ደብቆ ያስብልሻል። እኔ ይቅርታውን አልጠበቅሁም። አንዲት ቃል ነው የጠበቅሁት። እስከ ዛሬ «እናታችን ሞታለች» የሚል ቃል ከወንድሜ አፍ አልወጣም።

ስለዚህ ቀኖናሽ ይህ ነው። ካሜሊያዋ ስትገረጣ «ምን ሆና ነው?» ይልሻል። «ተኝታለች» በይው። «የብርድ አገር ተክል ናት፤ በዚህ ወቅት ትተኛለች ብላ እማማ አትክልት ጽፋልኛለች» በይው። ቅጠሏ ሲረግፍ እንቅልፏ ከብዷል በይው። ውሃ ያጠጣት። ለእንግዳ ያሳያት። መርዶው የሚነገርበትን ቀን እኔ እልክልሻለሁ።

ጫማው ከመርዶው በኋላ ነው።

አትክልት


ሱሉልታ፣ ህዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ አትክልት፤

ጤናዎ እንደ ቂምዎ የጠነከረ ይሁን። ይህን ስል በክፉ አይደለም፤ ሌላ እንደዚህ የሚቆይ ነገር ስላላወቅሁ ነው። ደብዳቤዎ ሐኒ ተረኛ በረራ በዝቶባት ቡራዩ ቤቷ ሰንብቶ፣ በመጨረሻ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ሄጄ አመጣሁት። ታክሲ ውስጥ ከፍቼ አነበብኩት። ሹራቡ ጋ ስደርስ ወራጅ ማለት ረስቼ አልፌ ሄድኩ።

ከዚያ ቤት ገባሁና ሥራዬን ጀመርኩ።

ወይዘሮዋ ያኔ ቢጫ ሆናለች፤ ልክ እንዳሉት ጅማቷ ብቻ አረንጓዴ ነው። አባባ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመው ያይዋታል።

«ዕድላዊት፣ ይህቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?»

«ተኝታለች» አልኳቸው።

እማማ፣ ፊታቸውን እንዴት ብዬ ልግለጽልዎት። አንድ ነገር ሊውጡ ሞክረው እንዳልወረደላቸው ሰው ሆኑ። ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ቧንቧው ውሃ አልነበረውም፤ እሳቸው ግን ቆመው ይታጠባሉ።

ሲመለሱ «አዎ፣ ተኝታለች» አሉኝ፤ እኔ እንደጠየቅኳቸውና እሳቸው እንደመለሱልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የታመመ ሰው ያለበት ሆኗል። የእድር ሰዎች ሲመጡ ጓሮ ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ኦቦ ቱፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና «አከም ቡልቴ፣ ጊፍቲ?» አሏት፤ ወይዘሮ፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። መልሳ ብትናገር ኖሮ ከሁላችን ፊት የሚሮጡት እሳቸው ነበሩ። አንድ የእድር ሽማግሌ ደግሞ «የኛዋ ባህር ዛፍ ተኝታ አታውቅም» ሲሉ አባባ «ባህር ዛፍማ ምን አሳብ አላት» ብለው መለሱ። እኔና ጁማና መስኮት ሥር ተደብቀን ሆዳችንን ይዘን ነበር።

ውርጭ መውደቅ ሲጀምር ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት። እሳቸው በብርድ ጊዜ የሚለብሷት አንዲት ጠባብ ሹራብ አለቻቸው፤ በእሷ ሆነው ሰነበቱ። እኔ ሳቅሁ። ከዚያ ሳል ያዛቸው። ያን ጊዜ ትንሽ ነው የሳቅሁት።

ቅጠሏ አልቋል። እምቡጦቿንም አንድ በአንድ ጣለቻቸው። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት፤ ውስጡ ደማቅ ቀይ ነው፣ እንደታጠፈ። ሌላውን ሳልከፍተው በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልዎታለሁ።

ጫማውን በተመለከተ፣ ቁጥሬ ሠላሳ ዘጠኝ ሆኗል። ቀኖናው እስኪያልቅ እግሬ አይጠብቅም።

ታዛዥዎ
ዕድላዊት


ቨርባኒያ፣ ታህሳስ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዕድላዊት፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ መንገድሽ ይቅና። እኔ ደህና ነኝ።

እምቡጡ ደርሶኛል። መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩት፤ ጠቁሯል፤ አልጣልኩትም።

እጁን የታጠበውን ነገር በሦስት መስመር ነው የጻፍሽልኝ። አይበቃኝም። ዓይኑ የት ነበር? ድምፁ ተንቀጠቀጠ ወይ? የዘጋውን ቧንቧ መልሶ ከፈተ ወይ? አንቺ ሰው አስመስለሽ የምትናገሪ ልጅ ነሽ፤ እንዳየው አድርገሽ ጻፊልኝ።

ቀኑ ይኸውልሽ። ከገና በኋላ ያለው እሁድ፣ ጥር 4 ቀን፣ ንጋት ላይ። እህል አፉ ሳይገባ። ኦቦ ቱፋንና ሁለት ሦስት ጎረቤት ለምኚ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይምጡ፤ እንደ ደንቡ ይቀመጡ። ከዚያ አንቺ ፊት ለፊቱ ቆመሽ እንዲህ በይው፦ «ወይዘሮዋ ሞታለች። ከሞተች ቆይታለች። ሁላችንም እናውቅ ነበር።» ሦስተኛዋን እንዳትረሻት። እኔን የገደለችኝ ሦስተኛዋ ናት፤ ሰበታ ውስጥ በግ የሚጠብቀው ሳይቀር ሲያውቅ እኔ ለሟች ሹራብ እመርጥ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ግንዷን በጥፍርሽ ጫር አድርጊው። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከሆነ ነፍስ አላት፤ ቡናማ ከሆነ የለችም። ከላይ ጀምረሽ እስከ አፈሩ ድረስ ጫሪ። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ጫማው ተገዝቷል፤ አልጋዬ ሥር ነው። የጋቢውን ነገር ባትጽፊልኝ ይሻል ነበር።

አትክልት


ሱሉልታ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ አትክልት፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

የምጽፍልዎት ጓሮ ሆኜ፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው። ለምን ባልዲ ላይ እንደሆነ ይደርሱበታል። ሐኒ ነገ ስለምትበር ጁማና ዛሬ ማታ ቡራዩ ታደርስልኛለች፤ ስለዚህ ፊደሌ ቢሮጥ አይፍረዱብኝ።

ትናንት ኦቦ ቱፋ ጋ ሄድኩ። ላም እያለቡ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ «እሁድ ጠዋት ለመርዶ እንዲመጡልኝ ልለምንዎት ነው» አልኳቸው።

እጃቸውን ከላሚቱ አነሡ። «አንቺም?» አሉኝ።

«እንዴት እኔም?»

«አያትሽ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ለምኖኛል እኮ። እሁድ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበላ አለኝ።»

«ማን ሳይበላ?»

«አንቺ ነሻ። መርዶው ላንቺ ነው።» ከዚያ ሳቃቸው መጣ። የጋጣውን ምሰሶ ይዘው ሳቁ፤ ወተቱ ተደፋ፤ አሁንም ሳቁ። «ዋቃ ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም። አንዱን ሬሳ ሁለት ሰው ደብቆ፣ ሁለቱም እኔን ለቀስተኛ ይቀጥራሉ።»

አባባ ካወቁ ቆይተዋል፣ እማማ። ህዳር ውስጥ ግንዷን በጥፍራቸው ጭረው አይተዋል። ለኦቦ ቱፋ ያሏቸውን እንዳለ ልጻፍልዎት፤ እሳቸው በአባባ ድምፅ ነው የነገሩኝ፤ ማስመሰል እኔ ብቻ አይደለሁም የምችለው።

«አምስት ዓመት ያሳደገቻት ልጅቷ ናት። እኔ ለእንግዳ ነው የምፎክረው። ተኝታለች ስትለኝ አመነች ብዬ አዎ ተኝታለች አልኳት። አንዴ ካልኩ በኋላ በማግስቱ ምን ልበላት? እህቴንም እንዲሁ ነው ያደረግኳት። የመጀመሪያው እሁድ ግቢው ለቀስተኛ ሞልቶ ስልኩ ጮኸ፤ ተኝታለች አልኩ። ሁለተኛው እሁድ የመጀመሪያውን ማስረዳት ነበረብኝ። ሦስተኛው እሁድ ሁለቱን። ከዚያ ስልኩ ሲጮህ እጄን ልታጠብ መውጣት ጀመርኩ።»

አሁን እኔ ስለ ሹራቡ አንድ ነገር ልበልዎት። አባባ በብርድ የሚለብሷት ጠባቧ ሹራብ ሰማያዊ ናት። ቁልፎቿ እንደ ሴት ልብስ በግራ በኩል ናቸው። ልክ አይደለችም እማማ። እጅጌዋ ክርናቸውን ትንሽ አለፍ ብሎ ያልቃል።

የራራሁ እንዳይመስልዎት። ስልኬ አሁንም ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ደግሞ ያቺ የሚጠብቋት ቃል ለኦቦ ቱፋ ተብላ ለእርስዎ አልተባለችም፤ ለጋጣ የተነገረ መርዶ አይቆጠርም። ስለዚህ እቅድዎን ትንሽ አሻሽዬዋለሁ። እሁድ ንጋት ለቀስተኛው ይመጣል። አባባ ፊቴ ቆመው «ዕድላዊት፣ ወይዘሮዋ ሞታለች» ይሉኛል፤ ይበሉኝ። አላለቅስም። የኦቦ ቱፋን ስልክ፣ ቁጥርዎን መትቼበት፣ እጃቸው ላይ አስቀምጥና «አሁን ደግሞ የሌላኛዋን ይንገሩ» እላቸዋለሁ። በዚያ ሁሉ ነጠላ መሀል እጅ መታጠቢያ ወዴት እንደሆነ አያለሁ።

እርስዎ ግን ስልኩን አያንሱ። ሐኒ እሁድ እዚያው ናት፤ እርስዎ ጋ ትደር። እሷ ታንሳው። «እህቴን አቅርቢልኝ» ሲሏት «ተኝታለች» ትበላቸው። አንድ ጊዜ ብቻ። እዚያ ገና ጎህ ስላልቀደደ ማንም ውሸት ነው አይልም። ከዚያ ይነሡና ያናግሯቸው። ስምንት ወሩን በዚያች አንዲት ቃል ይቀበሏቸዋል፤ ከዚያ በላይ ከፈለጉ እርስዎ ያውቃሉ።

አሁን ባልዲው። ዛሬ ከትምህርት ቤት መጥቼ እንዳዘዙኝ ግንዷን ጫርኩ። ላይኛው ቡናማ ነው። መሀሉ ቡናማ ነው። ነጩ ካልሲ የነበረበትም ቡናማ ነው። ኖራ የጋገረውን አፈር በማንኪያ እየጠረብኩ ወደ ታች ወረድኩ። ከሥሯ አጠገብ፣ ጽዱ በኩል፣ የትንሿን ጣቴን ጥፍር የምታክል ቀይ ነገር ወጥታለች። መጀመሪያ ጉንዳን መሰለችኝ። ነካኋት። ተጣብቃለች። ቅጠል ልትሆን ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የመጀመሪያው ሐሳቤ ግን ምን እንደነበር ልናዘዝልዎት፦ ሬሳው ከተነሣ መርዶው ተበላሸ። አባባ ይህቺን ካዩ እሁድ ማንም ነጠላ አያዘቀዝቅም፤ ስልኩም አይጮህም፤ ኦቦ ቱፋም ወደ ላማቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ባልዲውን አመድም ኖራም እንዳይቀርበት አድርጌ አጠብኩትና ደፋሁባት። ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ትንፋሽ እንድታገኝ በአንድ በኩል ድንጋይ አድርጌለታለሁ። እስከ እሁድ ብቻ ነው። ማንም ቢጠይቀኝ…

ቆይ። አባባ ፊት ለፊቱ ግቢ ናቸው። በርሜሉን በዱላ ሲያማስሉ ይሰማኛል። ለጥምቀት ኖራ እየበጠበጡ ነው።

«ወይዘሮዋን ውርጭ ነው የበላት» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ ጠዋት፤ ራሳቸውን ነው የሚያናግሩት። «ሁለቱን ትንንሾቹን ዘንድሮ ወፈር አድርጌ ነው የምቀባቸው፤ ያሞቃቸዋል።»

ውርጭ እንዳልሆነ ልነግራቸው ይገባል። ከነገርኳቸው ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ይጠይቁኛል። ጳጉሜ ላይ አንድ ቃል ነበረች፤ አሁን ብናገር መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ ህዳርን ሁሉ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። እማማ፣ እጄን መታጠብ አምሮኛል።

ማማሰሉ ቆመ።

«ባልዲዬን ያየ አለ?» ይላሉ። ማንም የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ። ሮቶው ጋ ፈለጉ። ጋጣው በኩል ኦቦ ቱፋን ጠየቁ፤ ኦቦ ቱፋ ይስቃሉ። ጫማቸው ጠጠሩን ይዞ ወደዚህ መጣ። ጥጉን ዞሩ። ሰማያዊዋን ሹራብ ለብሰዋል፤ በአንድ እጃቸው ብሩሽ ይዘዋል፤ ብሩሹ ነጭ ያንጠባጥባል። መጀመሪያ ያዩት ባልዲውን ነው። ከዚያ ድንጋዩን። ከዚያ እኔን፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እየጻፍኩ።

«ዕድላዊት።»